የቆሽት ካንሰር፡ ሕመሙ፣ ሕክምናው እና ከአንድ አካባቢ ታማሚዎች የተገኘ ትምህርት



አንድ ሰው በጣም ሲያናድደን «ቆሽቴን አሳረረው» እንላለን። ስሙን በየቀኑ የምንጠራው ይህ የአካል ክፍል ግን የት እንዳለና ምን እንደሚሠራ የምናውቅ ብዙ አይደለንም። ካንሰር ሲይዘው ደግሞ ከካንሰሮች ሁሉ ፈታኝ ከሚባሉት አንዱ ይሆናል። በ2022 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በዓለም ዙሪያ ከ500 ሺህ በላይ ሰዎች በዚህ ሕመም እንደተያዙ፣ ከ460 ሺህ በላይ የሚሆኑት ደግሞ በዚያው ዓመት በሕመሙ እንደሞቱ ተገምቷል። የተያዙትና የሞቱት ቁጥር ይህን ያህል መቀራረቡ የሕመሙን ክብደት ያሳያል።

ይህን የምንጽፈው ለማስፈራራት አይደለም። ምልክቱ ቶሎ ከታወቀና ቀዶ ሕክምናው በተለማመዱ እጆች ከተሠራ የታማሚው ዕጣ በእጅጉ እንደሚለይ የሚያሳይ ግልጽ ማስረጃ ስላለ ነው። ሰበብ ማድረስ የእኛ ድርሻ ነው፤ ሰበቡን ለማድረስ ግን አስቀድሞ ማወቅ ያስፈልጋል።

ቆሽት ምን ይሠራል?

ቆሽት ከጨጓራ በስተጀርባ፣ ወደ ጀርባ አጥንት ተጠግቶ የተኛ፣ 15 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሚረዝም ዕጢ ነው። ሐኪሞች ፓንክሪያስ ይሉታል። ሁለት ሥራ አለው። አንደኛው፣ የበላነውን ቅባት፣ ፕሮቲንና ስታርች የሚያፈጩ ኢንዛይሞችን አዘጋጅቶ ወደ ትንሹ አንጀት መላክ ነው። ሁለተኛው ኢንሱሊንና ሌሎች ሆርሞኖችን ወደ ደም በመልቀቅ የስኳርን መጠን ማስተካከል ነው።

ከጉበት የሚወርደው የሐሞት ቱቦ ወደ አንጀት ከመግባቱ በፊት በቆሽት ራስ በኩል ያልፋል። በቆሽቱ ዙሪያ ደግሞ ለጉበትና ለአንጀት ደም የሚያመላልሱ ትላልቅ የደም ሥሮች ይገኛሉ። የሕመሙ ምልክቶችም ሆኑ የሕክምናው ችግሮች በአመዛኙ ከዚህ አቀማመጥ የሚመጡ ናቸው።

«የወፍ በሽታ» ነው ብሎ መዘናጋት

ቆሽት በሆድ ውስጥ ጠልቆ ስለተቀመጠ ዕጢው ትንሽ ሳለ በእጅ አይዳሰስም፣ ብዙ ጊዜም አያምም። ዕጢው በቆሽቱ ራስ ላይ ከሆነ እያደገ ሲሄድ የሐሞት ቱቦውን ይጫነዋል። መውጫ ያጣው ሐሞት ወደ ደም ይመለሳል። ያኔ ዓይን ቢጫ ይሆናል፣ ሽንት እንደ ቡና ይጠቁራል፣ ሰገራ ይነጣል፣ ገላም ያሳክካል።

በአገራችን ዓይኑ ቢጫ የሆነ ሰው ሲታይ «የወፍ በሽታ ነው» ይባልና ወደ ባህል መድኃኒት አዋቂ ይወሰዳል። እርግጥ ነው፣ አብዛኛው የዓይን ቢጫ መሆን ካንሰር አይደለም፤ የጉበት ቫይረስ፣ የሐሞት ጠጠርና ሌሎችም ምክንያቶች አሉ። ይሁን እንጂ ዕድሜው ከ50 በላይ የሆነ ሰው ምንም ሳያመው ዓይኑ ቢጫ ከሆነ፣ በቅጠልና በሥር የሚጠፉት ሳምንታት ዕጢው በቀዶ ሕክምና ሊወጣ የሚችልበት ጊዜ ሊሆኑ ይችላሉ።

ዕጢው በቆሽቱ መሀል ወይም ጭራ ላይ ከሆነ ደግሞ ዓይን ቢጫ ላይሆን ይችላል። በዚህ ጊዜ የሚታዩት ከእንብርት በላይ ተነሥቶ ወደ ጀርባ የሚዘልቅ ሕመም፣ ያለምክንያት መክሳት፣ የምግብ ፍላጎት ማጣት፣ ቅባት የበዛበትና በውኃ የማይሄድ ሰገራ ናቸው። እነዚህንም «ጨጓራ ነው» ብሎ ለወራት የጨጓራ ኪኒን መዋጥ የተለመደ ነው።

ሌላም ምልክት አለ። ከ50 ዓመት በኋላ፣ ያውም ሰውየው እየከሳ ሳለ በድንገት የሚመጣ የስኳር ሕመም ሐኪምን ሊያጠራጥር ይገባል። ከዚያ ዕድሜ በኋላ ስኳር ከያዛቸው 100 ሰዎች በ3 ዓመት ውስጥ የቆሽት ካንሰር የሚገኝበት አንድ ሰው ገደማ ነው። ስለዚህ ስኳር የያዘው ሁሉ ይሸበር አንልም። ስኳሩና መክሳቱ አንድ ላይ ከመጡ ግን ለሐኪም መንገር ይገባል።

ማንን ይይዛል?

ሕመሙ በአብዛኛው ከ60 ዓመት በላይ ያሉትን ያጠቃል። ሲጋራ ማጨስ አደጋውን ወደ ሁለት እጥፍ ያሳድገዋል። ከመጠን ያለፈ ውፍረት፣ ለረዥም ጊዜ የቆየ ስኳር፣ ሥር የሰደደ የቆሽት ቁስለትና ከቤተሰብ የሚወረሱ አንዳንድ የዘር ለውጦችም ድርሻ አላቸው። ከእነዚህ ሁሉ በእጃችን ያለው ትልቁ ነገር ትምባሆን መተው ነው። አጫሽ ሲጋራውን ካቆመ አደጋው በዓመታት ውስጥ እየቀነሰ ይሄዳል።

ቤተሰብ መጀመሪያ ሊጠይቅ የሚገባው፡ «ዕጢው ይወጣል ወይ?»

ሐኪሙ ከጠረጠረ ሲቲ ስካን ያዝዛል። ለቆሽት የሚነሣው ሲቲ ስካን ዕጢውንና የደም ሥሮቹን ለይቶ እንዲያሳይ በደም ሥር መድኃኒት ተሰጥቶ፣ ሰዓቱ ተጠብቆ የሚነሣ ነው። አስፈላጊ ሲሆን በኢንዶስኮፒ ናሙና ይወሰዳል። ከዚያ በኋላ ታማሚዎች በሦስት ይከፈላሉ።

የመጀመሪያዎቹ ዕጢው በቆሽቱ ብቻ ተወስኖ ሊወጣ የሚችልላቸው ናቸው። ከ100 ታማሚዎች ከ15 እስከ 20 የሚሆኑት ብቻ በዚህ ደረጃ ላይ ይገኛሉ። ሁለተኛዎቹ ዕጢው ወደ ሌላ የአካል ክፍል ሳይዛመት በአካባቢው ያሉትን ትላልቅ የደም ሥሮች የያዘባቸው ናቸው። ከእነዚህ አንዳንዶቹ መጀመሪያ ኬሞቴራፒ ወስደው ዕጢው ከተሰበሰበ በኋላ ለቀዶ ሕክምና ይበቃሉ። ሦስተኛዎቹ ወደ ጉበት፣ ሳንባ ወይም የሆድ ሽፋን የተሰራጨባቸው ናቸው። ለእነዚህ ቀዶ ሕክምና ዕድሜ አይጨምርም፤ ድካምና ሥቃይ ብቻ ይጨምራል።

ይህ ጥያቄ በተለይ ለእኛ ማኅበረሰብ ከባድ ነው። ዘመድ አዝማድ ገንዘብ አዋጥቶ፣ ቤትና መኪና ተሽጦ ታማሚ ወደ ሕንድ፣ ታይላንድ ወይም ቱርክ ሲላክ እናያለን። ከመሸጥ በፊት በጥሩ ሲቲ ስካን ሕመሙ የት እንደደረሰ ማወቅ ያስፈልጋል። ምስሎቹን በሲዲ ወይም በኢንተርኔት ልኮ ከውጭ ሐኪም ምክር መጠየቅም ይቻላል። ሊወጣ የሚችል ዕጢ ከሆነ መፍጠን ይገባል። የተሰራጨ ከሆነ ግን ለልጆች የሚተርፈውን ሀብት ከመጨረስ በፊት የጉዞውን ጥቅም በግልጽ መጠየቅ ታማሚውን መበደል አይደለም።

የዊፕል ቀዶ ሕክምና

በቆሽት ራስ ላይ ላለ ዕጢ የሚሠራው ቀዶ ሕክምና በአሜሪካዊው ሐኪም በአለን ዊፕል ስም ይጠራል። ዊፕል ቀዶ ሕክምናውን ለሙያ ጓዶቹ ያቀረበው በ1935 ነበር። ተወልዶ ያደገው ኢራን ውስጥ ነው። በኋላም በሕክምና ታሪክ ውስጥ ሙስሊሞችና ንስጥሮሳውያን ስለነበራቸው ድርሻ መጽሐፍ የጻፈ ሰው ነው።

በዚህ ቀዶ ሕክምና የቆሽቱ ራስ፣ የትንሹ አንጀት መጀመሪያ፣ የሐሞት ከረጢትና የሐሞት ቱቦው ክፍል ይወጣሉ። ከዚያም የቀረው ቆሽት፣ የሐሞት ቱቦውና ጨጓራው እንደገና ከአንጀት ጋር ይገጣጠማሉ። ለሰዓታት የሚቆይ ሥራ ነው። ከሥራው ሁሉ የሚያሰጋው የቆሽቱ ስፌት ነው፤ ቢያፈስ የሚፈጨው ፈሳሽ በሆድ ውስጥ ተበትኖ መመረዝና የደም መፍሰስ ሊያስከትል ይችላል። ይህን ቶሎ የሚያውቅ ነርስ፣ በማንኛውም ሰዓት የሚሠራ ሲቲ ስካንና ጽኑ ሕሙማን ክፍል ከሌለ የቀዶ ሐኪሙ ችሎታ ብቻውን አያድንም።

በኔዘርላንድስ ደቡብ የሆነው

አሁን ወደ ርዕሳችን ዋና ነጥብ እንምጣ። በኔዘርላንድስ ደቡብ፣ በአይንድሆቨን ከተማ ዙሪያ ከ1950ዎቹ ጀምሮ የሚሠራ የካንሰር መዝገብ አለ። መዝገቡ በአንድ ሆስፒታል የታከሙትን ብቻ አይደለም የሚይዘው፤ በአካባቢው የሚኖር ሰው ካንሰር ከተገኘበት፣ ታከመም አልታከመም፣ ይመዘገባል። ስለዚህ የአካባቢውን ሕዝብ ትክክለኛ ገጽታ ያሳያል።

በ1990ዎቹ መጨረሻ በዚያ አካባቢ የቆሽትን ቀዶ ሕክምና ስምንት ሆስፒታሎች ይሠሩ ነበር። እያንዳንዱ ሆስፒታል በአማካይ የሚሠራው ግን በዓመት 2 ብቻ ነበር። ውጤቱ አሳዛኝ ነበር። ከ1995 እስከ 2000 ባሉት ዓመታት ቀዶ ሕክምና ከተደረገላቸው 100 ሰዎች 24ቱ ከሆስፒታል ሳይወጡ ሞቱ፤ ከአራት ሰው አንድ ማለት ነው።

የአካባቢው ሐኪሞች ይህን ቁጥር አይተው ዝም አላሉም። ቀዶ ሕክምናው በጥቂት ሆስፒታሎች እንዲሰበሰብ ተስማሙ። ሆስፒታሎቹ ከስምንት ወደ ሦስት ወረዱ፣ እያንዳንዱም በዓመት በአማካይ 16 መሥራት ጀመረ። ከ2005 እስከ 2008 ባሉት ዓመታት በሆስፒታል የሚሞቱት ከ24.4 ወደ 3.6 በመቶ ቀነሱ። በ2008 በቀዶ ሕክምናው ምክንያት በሆስፒታል የሞተ አንድም ሰው አልነበረም።

ነገሩ በዚህ አላበቃም። ቀደም ሲል ከ100 ታማሚ 19ኙ ብቻ ነበሩ ቀዶ ሕክምና የሚያገኙት፤ በኋላ ወደ 30 ከፍ አሉ። ከቀዶ ሕክምና በኋላ 2 ዓመት የኖሩት ከ38.1 ወደ 49.4 በመቶ አደጉ። ታከሙም አልታከሙም፣ ታማሚዎቹ ሁሉ አንድ ላይ ሲቆጠሩ ደግሞ 2 ዓመት የኖሩት ከ10.3 ወደ 16 በመቶ ደረሱ። ቁጥሮቹ ከቆሽት በተጨማሪ በአጠገቡ ያሉትን የሐሞት ቱቦና የአንጀት መጀመሪያ ካንሰሮች ይጨምራሉ፤ ቀዶ ሕክምናቸው ተመሳሳይ ነውና።

በነዚያ ዓመታት ሲቲ ስካኑም፣ የጽኑ ሕሙማን እንክብካቤውም ተሻሽሏል። ስለዚህ ለውጡ ሁሉ ከመሰብሰቡ ብቻ የመጣ ነው ማለት አይቻልም። ሆኖም በ2002 በአሜሪካ የታተመ ትልቅ ጥናትም ተመሳሳይ ነገር አሳይቷል። ዕድሜያቸው ከ65 በላይ በሆኑ ታማሚዎች ላይ፣ ቀዶ ሕክምናውን እጅግ አልፎ አልፎ በሚሠሩ ሆስፒታሎች የሞት መጠኑ 16.3 በመቶ ሲሆን፣ በብዛት በሚሠሩት ግን 3.8 በመቶ ነበር። ኔዘርላንድስም በኋላ አንድ ሆስፒታል የዊፕልን ቀዶ ሕክምና ለመሥራት በዓመት ቢያንስ 20 እንዲሠራ ደንብ አወጣች።

ለእኛ ትምህርቱ አጭር ነው። ቀዶ ሐኪሙን «እርስዎና ሆስፒታሉ ይህን ቀዶ ሕክምና በዓመት ስንት ጊዜ ትሠራላችሁ?» ብሎ በአክብሮት መጠየቅ ነውር አይደለም። ሆስፒታሉ ለቤት መቅረቡ ወይም ሐኪሙ የዘመድ ወዳጅ መሆኑ ለዚህ ጥያቄ መልስ አይሆንም።

ከቀዶ ሕክምናው በፊትና በኋላ

ዕጢው ቢወጣም በዓይን የማይታዩ ሕዋሳት ሊቀሩ ስለሚችሉ ኬሞቴራፒ ይሰጣል። በ2018 የታተመ የፈረንሳይና የካናዳ ጥናት፣ ከቀዶ ሕክምና በኋላ አራት መድኃኒቶችን ያቀፈ ኬሞቴራፒ የወሰዱ ታማሚዎች ግማሾቹ ከ54 ወር በላይ እንደኖሩ አሳይቷል። ቀድሞ የተለመደውን ጀምሲታቢን ብቻ ከወሰዱት ግን ግማሾቹ የኖሩት ከ35 ወር በላይ ነበር። በኔዘርላንድስ በተደረገ ሌላ ጥናት ደግሞ ከቀዶ ሕክምናው በፊት ኬሞቴራፒና ጨረር ከወሰዱት 20.5 በመቶው 5 ዓመት ሲኖሩ፣ በቀጥታ ቀዶ ሕክምና እንዲደረግላቸው ከተመደቡት 5 ዓመት የኖሩት 6.5 በመቶ ብቻ ነበሩ።

ሕመሙ ለተሰራጨባቸው ሰዎችም ኬሞቴራፒ ዕድሜን በወራት ያራዝማል፣ ሥቃይንም ይቀንሳል። የተዘጋ የሐሞት ቱቦ በኢንዶስኮፒ በሚገባ ትንሽ ቱቦ ይከፈታል፤ ማሳከኩና ቢጫነቱም ይለቃሉ። ለሕመሙ ሞርፊን ይሰጣል። አንዳንድ ቤተሰብ «ሱስ ይሆንበታል» ወይም «የሚያሰክር ነገር ነው» ብሎ ታማሚውን ከሞርፊን ይከለክላል። በሐኪም መጠን ለሕመም የሚሰጥ መድኃኒት ግን ለደስታ ከሚወሰድ አስካሪ ነገር ጋር አንድ አይደለም። ሰውን በሥቃይ ማቆየት ሶብር አይባልም።

ቁጥሮችን እንዴት እንረዳቸው?

በአሜሪካ የቆሽት ካንሰር ከተገኘባቸው 100 ሰዎች 13ቱ ገደማ 5 ዓመትና ከዚያ በላይ ይኖራሉ። ቁጥሩ በደረጃ ሲከፈል ግን ልዩነቱ ትልቅ ነው፤ በቆሽቱ ብቻ ለተወሰነው 44 በመቶ፣ ወደ አካባቢው ለደረሰው 16 በመቶ፣ ለተሰራጨው 3 በመቶ ነው።

በሕክምና ጥናቶች የሚገቡት ብዙውን ጊዜ ጠንከር ያሉ፣ ሌላ ከባድ ሕመም የሌላቸው ሰዎች ናቸው። የአካባቢ መዝገብ ግን አቅመ ደካማውንም፣ ዘግይቶ የመጣውንም፣ ሕክምና ያላገኘውንም ይቆጥራል። በዚህ ምክንያት የመዝገቡ ቁጥር ሁልጊዜ ዝቅ ይላል፤ እውነቱንም የሚያሳየው እርሱ ነው። በአዲስ አበባም ከ2011 ጀምሮ የከተማዋን ነዋሪዎች የሚመዘግብ የካንሰር መዝገብ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ይሠራል። እንዲህ ያሉ መዝገቦች ሲጠናከሩ የት ምን እንደጎደለ በግምት ሳይሆን በማስረጃ መነጋገር ይቻላል።

ቁጥር ስለ ብዙ ሰው ይናገራል እንጂ ስለ አንድ ሰው አጀል አይናገርም። የአንዱን ሰው ቀን የሚያውቀው አላህ ብቻ ነው።

ሙስሊም ታማሚዎች የሚያነሷቸው ጥያቄዎች

የመጀመሪያው የኢንዛይም ካፕሱል ጉዳይ ነው። ቆሽቱ የተቆረጠ ወይም የተዘጋ ሰው ምግብ ለመፍጨት ኢንዛይም በካፕሱል መውሰድ ያስፈልገዋል። ካልወሰደ ቢበላም ይከሳል፣ ይዳከማል፣ ኬሞቴራፒውንም መቋቋም ያቅተዋል። በአሜሪካና በአውሮፓ ሐኪሞች የሚያዙት እነዚህ ካፕሱሎች የሚሠሩት ከአሳማ ቆሽት ነው። አንዳንድ ወንድምና እህቶች ይህን ሲሰሙ ለሐኪሙ ሳይናገሩ መድኃኒቱን ይተዋሉ። ዑለማዎች ግን የሚተካ ሐላል መድኃኒት በሌለበትና ሕክምናው አስፈላጊ በሆነበት ጊዜ ዶሩራ የሚፈቅደው ነገር እንዳለ ያስተምራሉ። ስለዚህ መድኃኒቱን በዝምታ ከመተው፣ ሐኪሙ ስለ አስፈላጊነቱና ስለ አማራጩ የሚለውን ይዞ የሚያምኑትን ዓሊም መጠየቅ ይሻላል። ለስኳር የሚሰጠው ኢንሱሊን ግን ዛሬ በአብዛኛው በላቦራቶሪ የሚመረት ስለሆነ ይህ ጥያቄ አይነሣበትም።

ሁለተኛው ፆም ነው። ኬሞቴራፒ ላይ ያለ ወይም ቆሽቱ የወጣ ሰው ቢፆም ስኳሩ በድንገት ሊወርድና ራሱን ሊስት ይችላል። ቆሽቱ ሙሉ በሙሉ የወጣለት ሰው ደግሞ የወረደ ስኳርን የሚያነሣው ሆርሞንም ስለሚጎድለው አደጋው የባሰ ነው። አላህ ለታመመ ሰው ማፍጠርን ፈቅዷል። ይድናል ተብሎ የማይጠበቅ ከሆነ ፊድያ አለ። ይህ ለደካማው የተሰጠ እዝነት ነውና ታማሚው እንደ ጉድለት ሊያየው አይገባም።

ሦስተኛው ጥቁር አዝሙድ፣ ማርና ሩቅያ ነው። ሩቅያና ዱዓ ከሕክምና ጋር አይጣሉም። በአፍ የሚወሰድ ማንኛውም ነገር ግን ከኬሞቴራፒው ጋር ሊጋጭ ስለሚችል ለሐኪሙ መነገር አለበት። በእነዚህ ምክንያት ቀዶ ሕክምናን ማዘግየት ደግሞ ሰበብን መተው ነው።

አራተኛው ለታማሚው መንገር ነው። ብዙ ቤተሰብ ከእዝነት የተነሣ ሕመሙን ይደብቃል። ታማሚው ግን አማና የያዘ፣ ዕዳ ያለበት፣ ወሲያ ሊያደርግ የሚፈልግ፣ ዐፍውታ ሊጠይቅ የሚሻ ሰው ሊሆን ይችላል። ያልተነገረው ሰው ይህን ሁሉ ሳያደርግ ይሄዳል። ስለዚህ ምን ያህል ማወቅ እንደሚፈልግ ራሱን በእርጋታ መጠየቅና ባለው መጠን እውነቱን መንገር ይሻላል። በአሜሪካ ያላችሁ ደግሞ ሆስፒታሎች አስተርጓሚ በነፃ እንደሚያቀርቡ አትርሱ። እንዲህ ያለውን ወሬ ልጅ ለአባቱ እንዲተረጉም ማድረግ ለልጁም ለአባቱም ከባድ ነው፤ ብዙ ነገርም ተሸፋፍኖ ይቀራል።

ለቤተሰብ፡ ወደ ሐኪም ይዛችሁ የምትሄዱት ጥያቄዎች

– ሕመሙ የት ደርሷል? ዕጢው አሁን ወይም ከኬሞቴራፒ በኋላ ሊወጣ ይችላል ወይ?
– ሆስፒታሉ ይህን ቀዶ ሕክምና በዓመት ስንት ጊዜ ይሠራል? ከማይሠራ ወዴት ይልከናል?
– የሕክምናው ግብ ማዳን ነው፣ ዕድሜ ማራዘም ነው ወይስ ሥቃይ መቀነስ?
– የኢንዛይም ካፕሱል ያስፈልገዋል ወይ?
– ለሕመሙ ምን ተዘጋጅቷል? ሌሊት ቢያመው ለማን እንደውል?

የአይንድሆቨን ሐኪሞች ስምንት የነበሩትን ሆስፒታሎች ወደ ሦስት ሲያወርዱ አምስት ሆስፒታሎች «ይህን እኛ አንሥራው» ብለው ለቀቁ። በዚህ ምክንያት ብዙ ሰው ወደ ቤቱ ተመለሰ። እኛም በየቤታችን ዓይኑ ቢጫ የሆነ፣ ያለምክንያት የከሳ ወላጅ ወይም ጎረቤት ካለ «ያልፋል» ሳንል ይህ ሳምንት ሳያልቅ ወደ ሕክምና እናድርሰው።

አላህ ለታማሚዎቻችን ሺፋውን፣ ለቤተሰቦቻቸው ሶብሩን፣ ለሐኪሞቻችንም ማስተዋሉን ይስጥልን። አሚን።